ሽማግሌ የተላከበት ሲስተም

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ አያ ካሴ።

አያ ካሴ ከጉና ወርደው መሥሪያ ቤታችን በረንዳ ላይ ከቆሙት ሦስት ሽማግሌዎች ትልቁ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስለተከናነቡ ጥያቄው ከእሳቸው ሳይሆን ከጋቢው የወጣ ይመስል ነበር። የጠየቁኝ ስለ ሰው አይደለም። ስለ ሲስተሙ ነው፤ ማለትም እኔ ለዓመታት ስጠብቀው፣ ሲታመም ሳስታምመው፣ ሲነሣበት ሳባብለው ስለኖርኩት፣ የሠራተኛውን ማመልከቻ ሁሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስለሚያመላልሰው ሶፍትዌር።

የማንም ልጅ አይደለም አልኳቸው።

«እንግዲያማ ምን ይገርማል» አሉ፣ ወደ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ዞረው። «ቀጪ የለውማ።»

እዚህ ላይ ላቋርጣቸውና ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሽማግሌ መቆም ያውቅበታል፤ እስክመለስ አይደክማቸውም።

በአገራችን «አይሆንም» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ይኖራል እንጂ በሰው አፍ ውስጥ አይኖርም። ሰው ፊት ለፊት «አይሆንም» ከሚል መንጋጋውን ቢያስነቅል ይመርጣል። «እናየዋለን» ይላል። «ሰሞኑን ብቅ በል» ይላል። «እኔማ ደስ ባለኝ፣ ግን…» ይልና ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል፤ ከልካዩ ጣሪያው ላይ የተቀመጠ ይመስል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ እኛም ያው ነን፣ ብቻ እኛ ስንዋሽ እንቸኩላለን። መሥሪያ ቤቴ ባለበት ደብረ ታቦር ላይ ግን መከልከልም ወግ አለው። ይሰሙሃል፣ ያዝኑልሃል፣ ሻይ ይጋብዙሃል፣ እስከ ደጅ ይሸኙሃል። መከልከልህ የሚገባህ ቤትህ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሕዝብ ሥራውን በራሱ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ለምን ይገዛል? ሻጮቹ ቅልጥፍና ይሏችኋል። ግልጽነት ይሏችኋል። ወረቀት መቆጠብ ይሏችኋል። አትስሟቸው። እኔ ከዕቃው ጋር አርጅቼ የደረስኩበት እውነት ይህ ነው፦ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር የሚገዛው «አይሆንም» የሚልለት ፍጡር ሲያጣ ነው። ዕቃው ሻይ አይጋብዝም። ዓይን የለውም፣ ይሉኝታ አይዘውም። እናቱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ነገ ገበያ ላይ «ልጅሽ እኮ ከለከለኝ» የሚል አይመጣበትም።

የእኛ መሥሪያ ቤት ከገበሬው የዘር ድንችና ገብስ እየሰበሰበ የሚያከፋፍል ዩኒየን ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደርሰህ ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግሩም ደግነታቸው ነው። በወረቀቱ ዘመን ሠራተኛ ዝውውር ሊጠይቅ መጣ ሲባል ጥርሳቸውን ያማቸው ነበር ይባላል። ብዙ ጠያቂ በመጣበት ዓመት መንጋጋቸው በሙሉ አለቀ ይላሉ የሚያጋንኑት። እኔ ሲስተሙን ልተክል የመጣሁት በዚያ ሰሞን ነው። ተክዬ ልመለስ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ እየተከልኩ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሲስተሙ የዋህ ነበር። ማመልከቻ ይቀበላል፣ ተራው ለደረሰው ሰው ያቀብላል፣ ያ ሰው ዝም ካለ በማግስቱ ያስታውሰዋል። በቃ፣ እግር የሌለው ተላላኪ በሉት። ጉድለቱ በዓል አለማወቁ ነው። ለንግሥ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ታቦት አጅቦ እልል ሲል፣ የሒሳብ ሹማችን ስልክ ከነጠላቸው ሥር «ያላዩት ማመልከቻ አለ» እያለ ይጮሃል። ዲያቆኑ ሳይቀር ዞሮ ያያቸዋል። ጸሐፊያችን እታገኝ «ግራዝማች» ብላ ስም ያወጣችለት ያን ጊዜ ነው። ያዛል፣ ይቆጣል፣ ራሱ ግን ምንም አይሠራም፤ ከሹመቱ በቀር ምን ጎደለው ብላ ነው። ስሙ ወዲያው ጸደቀ። ብዙም ሳይቆይ በየጣቢያው ያሉ ሠራተኞቻችን ስልክ ሲደውሉልኝ ከእኔ ጤና በፊት የግራዝማችን ጤና ይጠይቁ ጀመር።

ከዚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር መጣ። አንድ ጊዜ አልመጣም። እንደ ደባል ነው የገባው፤ መጀመሪያ ፍራሹን፣ ከዚያ ሳጥኑን፣ ከዚያ ዘመዶቹን።

በመጀመሪያው ማሻሻያ መተንበይ ጀመረ። በየማመልከቻው ግርጌ «ይህ ጉዳይ ሊዘገይ ይችላል» ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ እንኳ ስቶ አያውቅም። አለቆቻችን ጉድ አሉ፤ አንደኛው ነቢይ ነው እስከ ማለት ደረሰ። እኔ ግን እላለሁ፣ የእኛን ቤት ጉዳይ «ይዘገያል» ለማለት አስተውሎት ምን ያደርጋል? ዓይን ይበቃል።

ቀጥሎ መልስ መጻፍ ተማረ። አንድ ሠራተኛችን እናቱ አርፈውበት የለቅሶ ፈቃድ ጠየቀ። ግራዝማች ማንንም ሳያማክር «እንኳን ደስ አለዎት፤ ጥያቄዎ ጸድቋል» ብሎ፣ ከሥሩ አበባ ለጥፎ ላከለት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጽሑፉን እንዳላየ አልፎ ስለ አበባው አመሰገነ። ከዚያ ለሰልስቱ ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ ለዐርባው። ዓመቱ ዞሮ ለሙት ዓመቱ ሲጠይቅ ግራዝማች ስክሪኑን ቀይ አለበሰው። «አንዲት ሟች ለአራተኛ ጊዜ ጥቅም ላይ ውላለች፤ የማጭበርበር ምልክት ሊሆን ይችላል» ይላል። ለማን አቤት ይባላል? አዲስ አበባ ላሉት ሻጮች ደወልኩ። የመለሰልኝ ወጣት በጥሞና አዳመጠኝ፤ ከዚያ አንድ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚሞት አስቀድሜ ሞልቼ ማስገባት እንደነበረብኝ በትሕትና ነገረኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ ደርሰህ ግራዝማችን እየወደዱት፣ እየወደዱት ሄዱ። ሰው ሲገባባቸው እንደ ድሮው ወደ ጣሪያ አያንጋጥጡም፤ እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ያሳያሉ። እኔማ ደስ ባለኝ፣ ግን ሲስተሙ ነው ይላሉ። ጥርሳቸውም ተሻላቸው።

የመጨረሻው ማሻሻያ ሲመጣ እኔ ነኝ ያስረዳኋቸው። ግራዝማች ከእንግዲህ ረጅም ማመልከቻ አንብቦ በሁለት መስመር ይጨምቅልዎታል፣ ውሳኔ የማያስፈልገውንም ራሱ ይዘጋዋል አልኳቸው። ራሱ? አሉ። ራሱ። እኔ ሳላየው? ሳያዩት። ያን ቀን ከወንበራቸው ተነሥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። የተዘጋውን መክፈት የሚችል ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ በገዛ ስማቸው ገብተው «ከፍቻለሁ፣ ወስኛለሁ» ሲሉ። ይህንንም ነግሬያቸው ነበር። የሰሙት አይመስለኝም፤ ደስታ ጆሮ ይደፍናል።

አሁን ይሁኔ ይግባ።

ይሁኔ የጉና ጣቢያችን የመጋዘን ኃላፊ ነው። ጉና ማለት ደመና ከሰው ጋር የሚያድርበት አገር ነው። መኪና እስከ ግማሽ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በእግርህ ነው፣ ወይም በቅሎ ያለው ሰው ካዘነልህ በበቅሎ። ይሁኔ ስልክ ለመደወል የሚወጣበት ቋጥኝ አለው፤ ነፋስ ሲመጣ ቋጥኙን አቅፎ ያወራል። ይህ ልጅ እናኑ የምትባል የደብረ ታቦር ልጅ ወድዷል፤ እሷም ወድዳዋለች። ሽማግሌ ተልኮ የልጅቱ አባት ተጠየቁ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ነገር በፈተና መልክ ነው የሚያስቡት። ልጁን ወደድኩት፣ ቦታውን ግን አልወደድኩትም አሉ። ልጄን ውርጭ ላይ አልድርም፤ ወደ ከተማ ተዛውሮ ከገባ ከቅበላ በፊት ይውሰዳት፣ ካልገባ ግን ሌላም ጠያቂ አላት አሉ።

ሌላው ጠያቂ ባለ ባጃጅ ነው።

ለማታውቁ ላስታውሳችሁ፦ ከቅበላ በኋላ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ሠርግ የለም። ባለ ባጃጁም እስከ ፋሲካ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይመስልም፤ ሥራው ራሱ ቀድሞ መድረስ ነው።

ስለዚህ ይሁኔ ማመልከቻ ጻፈ። ያደገበት አገር እንዴት እንደሚጻፍ አስተምሮታል። ሰው ሰላም ሳይባል ልመና አይለመንም። ችግርህን ከፊት ካስቀደምክ አሳዳጊ የበደለው ይሉሃል። ይሁኔም እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ልዑል እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን በጣም ደህና ነኝ። መጋዘኑም ደህና ነው። የጉና ሰው ደግ ነው፣ አየሩ ለጤና ተስማሚ ነው፣ በእርስዎ ጸሎት ምንም የጎደለኝ የለም።» እንዲህ እያለ አንድ ገጽ ሞላ። ጉዳዩ የመጣው መጨረሻ ላይ፣ ያውም እንደ ተረሳ ነገር ሆኖ ነው፦ «ሌላው ብዙም የሚያሳስብ አይደለም እንጂ፣ ፈቃድዎ ከሆነና ካልከበደ፣ ወደ ደብረ ታቦር ጠጋ ብል አልጠላም።»

ማንኛውም የእኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ልጁ እየጮኸ እንደሆነ ይገባዋል። ግራዝማች ግን አንብቦ እንዲህ ጨመቀው፦ «አመልካቹ ጤናማ ነው። በሥራ ቦታው ረክቷል። አየሩን ያደንቃል። ምላሽ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ይሁኔ ምን በደልኩ አለ? አላለም። ትሕትናዬ ሳያንስ አልቀረም አለ። ሁለተኛው ማመልከቻ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያመሰግናል፤ ውርጩ ሳይቀር ተመስግኗል። ግራዝማችም «የአመልካቹ እርካታ ጨምሯል» ብሎ ዘጋው። በሦስተኛው ይሁኔ በቅዱሳን ሁሉ ስም ባርኮ፣ የሥራ አስኪያጁን ልጆች ጤና ጠይቆ፣ የተራራውን ምንጭ ውኃ አወድሶ፣ በመጨረሻ ዝውውሩን እንደ ሹክሹክታ ጣል አደረጋት። ግራዝማች በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ አልዘጋውም። የረካ ሠራተኛ ካለበት እንዳይነቃነቅ መክሮ፣ ይሁኔን ለዓመቱ አርአያ ሠራተኛ አጨው። ሽልማቱ ካፖርት ነው።

ይሄኔ ነው ደውዬ የመከርኩት። ቋጥኙን አቅፎ አዳመጠኝ። ይሁኔ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ለዚህ ፍጡር አንዲት ቃል ብቻ ጻፍለት፣ «አዛውሩኝ» በል፣ ነጥብ አድርግ፣ ውረድ አልኩት። 

«ጋሼ» አለኝ፣ «እንደዚያ ብጽፍ እኮ አቶ ደርሰህ ያዩታል።»

«አያዩትም፤ ግራዝማች ነው የሚያነበው።»

«እሱስ ቢሆን» አለ ይሁኔ።

እሱስ ቢሆን። እናንተዬ፣ በሥራዬ ዘመን ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ አፌን ያስያዘኝ ይሄ ነው። እኛ ግራዝማችን ሰው እንዲመስል ስንት ዓመት ስንለፋ፣ እንደ ሰው ያከበረው አንድ ይሁኔ ብቻ ሆነና እሱኑ ቀበረው።

አቶ ደርሰህ ዘንድ ገባሁ። ይክፈቱለት፣ በስምዎ ሁለት ጊዜ መጫን ነው አልኳቸው። አዘኑ፤ ከልባቸው አዘኑ። ሻይ አዘዙልኝ። ከዚያ እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ ይሁኔ ከወረደ ሌላ ሰው መውጣት አለበት። ያን ሌላ ሰው ጠርቶ፣ ዓይኑን እያዩ፣ ጉና ውጣ ማለት ያስፈልጋል። ማን ይለዋል? ደግሞስ የረካ ሰው ከቦታው ማንሣት ጡር የለውም ወይ? ይህን ብለው ወደ ስክሪኑ በእጃቸው አመለከቱ፤ አብሮን የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ይመስል። እስከ ደጅ ሸኙኝ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የገባኝ።

የተከለከለ ሰው በእኛ ከተማ ይግባኝ ይላል። በእነ ይሁኔ አገር ግን ሽማግሌ ይላካል። ቅበላ ሊደርስ አንድ ገበያ ብቻ ሲቀረው አያ ካሴ፣ ቄስ አስረስና ስማቸውን ያልነገሩኝ ሦስተኛው አዛውንት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ወረዱ። ከልጅቱ አባት ዘንድ የቆሙትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ልጁን የከለከለው ግራዝማች ነው ተብለዋል፤ ስለዚህ የመጡት ግራዝማችን ሊለምኑ ነው።

ወደ በረንዳው ልመልሳችሁ።

ወንበር አወጣሁላቸው። አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እየቆመ ነው የሚያስፈራራው። አገር ቤት የቆመ ሽማግሌ የሚያስጨንቀውን ያህል ፖሊስ አያስጨንቅም። ሠራተኛው ሁሉ በመስኮት እያየ ተጨነቀ፤ ግራዝማች ግን ሥራውን ቀጥሏል። ይህን ያህል ዓመት ስንት ነገር እንዲያይ ሲያስተምሩት፣ ሦስት ሽማግሌ ደጁ ላይ መቆሙን የሚያውቅበት ነገር አላበጁለትም።

ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው አልኳቸው።

ቄስ አስረስ ልጄ ሲሉ ጀመሩ። ደብዳቤ ያነባል ወይ? ያነባል። ይመልሳል ወይ? ይመልሳል። ሰው ይሾማል? እጩ ያቀርባል። ይከለክላል? አዎ። እንግዲህ ቅጠሉን የሚበላ፣ ግንዱን የሚልጥ፣ ፍየል ካልተባለ ምን ይባል አሉኝ።

የት ነው የሚኖረው ተባልኩ። አሁን ይህን እንዴት ያስረዷል? ግማሹ ክላውድ ላይ ነው አልኩ። ምንድነው እሱ አሉ። ደመና እንደ ማለት ነው አልኩ፤ ያኔ ቢቀርብኝ ይሻል ነበር። ቄስ አስረስ ወደ መጡበት ተራራ ዞረው ተመለከቱ። ደመናውማ እኛ ዘንድ ነው ያለው፤ ስንወርድ ሰንጥቀነው መጣን፣ እዚያ የለም አሉ። ቀሪው ግማሽ ግን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም፣ እዚሁ ግቢ አንድ ክፍል ውስጥ በሳጥን ተቀምጧል አልኳቸው።

«ግማሹ ይበቃናል» አሉ አያ ካሴ። «ግማሽ ሰው ለምነን እናውቃለን።»

ከዚያ ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። ከግራዝማች በላይ ማን አለ አሉ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደርሰህ አልኩ። የታሉ? እታገኝ በመስኮት ብቅ ብላ፣ አባቶቼ በጠዋት ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄደዋል አለች። አያ ካሴ አንገታቸውን ነቀነቁ። እዚያ የቆመችው መኪና የማን ናት አሉ። የሳቸው ናት። ስንገባ እጄን አሙቄባታለሁ አሉ አያ ካሴ፤ ምንም ሳይስቁ። እታገኝ አልደነገጠችም፤ ጸሐፊ ናት። ለነዳጅ ቁጠባ በሚኒባስ ነው የሄዱት አለች። አሁን መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ገበያ መሐል ተጨናንቀው ይሆናል፣ ዛሬም አይመለሱ ብላ ጨመረችበት።

«እንግዲያው ግራዝማችን አሳየን» አሉኝ።

ምን ላድርግ? ሳጥኑን ቢያዩት፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ቢያዩት፣ ለምነው የሚመለሱበት ነገር እንዳልሆነ ይገባቸዋል፤ ቢያንስ ይቀመጣሉ ብዬ አሰብኩ። ቁልፌን አወጣሁ። እታገኝ ከወንበሯ ዘላ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ዛሬ አይሆንም አለች። ልብ በሉ፣ «አይሆንም» አለች፤ በዚህ ቤት ከሰው አፍ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለምን ስላት አዛውንቶቹን ሙቀቱ ይጎዳቸዋል አለችኝ። በደብረ ታቦር ብርድ ማንም ለማንም እንዲህ ብሎ ተጨንቆ አያውቅም። ሙቀቱ እውነት ነው፤ ማሽኖቹ ስለሚያሞቁት በግቢው ውስጥ ሰው ካፖርቱን የሚያወልቅበት ክፍል ያ ብቻ ነው። ግን ከጉና ለወረደ ሰው ሙቀት ምን ጉዳት አለው?

«ልጄ» አሏት ቄስ አስረስ፣ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ወደ ግንባሯ እያስጠጉ፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ስለኛ አታስቢ።»

መስቀል ግንባሯ ላይ እያለ ማን ይከራከራል? ዓይኗን ጨፈነች፣ ተሳለመች፣ መንገዱ ተከፈተ።

በሩን ከፈትኩ።

አቶ ደርሰህ በባትሪው ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀው፣ ካልሲያቸውን የሰርቨሩ ማራገቢያ ሙቅ አየር በሚተፋበት በኩል አስጥተው፣ ጉልበታቸው ላይ የቆሎ ሳህን ይዘዋል። ከኋላቸው መብራቱ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ይላል። እጃቸው ወደ አፋቸው እየሄደ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ።

 አያ ካሴ ሰውየውን አዩ። ባዶ እግራቸውን አዩ። ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት አዩ። እንደ ገና ሰውየውን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ወደ ትከሻቸው ዝቅ አደረጉና፣ ለሹም እንደሚደረገው እስከ ወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ሁለቱም ተከትለው እጅ ነሡ።

አቶ ደርሰህ ደግ ሰው ናቸው ብያለሁ። ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ አይችሉም። ሳህኑን ይዘው፣ በባዶ እግራቸው፣ ከባትሪው ላይ ተነሡ። ኧረ ተቀመጡ፣ ኖር አሉ፤ ለመቀመጫ የሚሆን ነገር ግን አልነበረም። ቃልዎን ሲሰጡን እንቀመጣለን አሏቸው ቄስ አስረስ። ስለ ልጃችን ስለ ይሁኔ ነው፤ ሠርጉ ካሁን ወዲያ ቀን የለውም አሏቸው።

አያ ካሴ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«መቼም እንዲህ ለመገናኘት ያብቃን» አሉ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «ግራዝማች አንቱ ነዎት?»

አቶ ደርሰህ እኔን አዩኝ። አይደሉም በልልኝ የሚል ዓይን ነው። ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንዲህ ብዬ ጀምሬ የት እደርሳለሁ? ግራዝማች ካልሆኑ ማን ናቸው ልባል ነው። አቶ ደርሰህ ናቸው ካልኩ፣ አቶ ደርሰህ ደግሞ ሐሙሲት ገበያ ላይ ተጨናንቀዋል። እሳቸውም ይህንኑ መንገድ በሐሳባቸው ሄደው ሲመለሱ አየኋቸው። ከአያ ካሴ የመጣው ሳል ይሁን ሌላ ነገር፣ እስከ አሁን አልለየሁትም።

«ነኝ» አሉ አቶ ደርሰህ። ግራዝማችም ፊት አገኘ፤ ፊት ያለው ደግሞ የቆመ ሽማግሌን «አይሆንም» አይልም።

ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ያልተነፈሱት ሦስተኛው አዛውንት ዘወር አሉ። ከጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ደረቴ ላይ አሳረፉና ቀስ አድርገው ወደ ኮሪደሩ መለሱኝ፤ በሩንም ከውስጥ ሳቡት፣ ገጠመ።